የክረምት ድብርት የደራሲ ስንቅ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ በቅርቡ የወጣው ጽሑፍ፣ ቀኑ ሲያጥርና ሰማዩ ሲዳምን በሰው ልብ ላይ የሚወርደው ድብርት ለደራሲ የተሰጠ ስንቅ እንደሆነ፣ ብዕር የያዘ ሰውም ሊያባርረው ቀርቶ በደስታ ሊያስተናግደው እንደሚገባ ይመክራል። ጸሐፊው ይህን ያሉት በቅን ልቦና እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሐሳቡም የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን በደራሲያን ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረ ነው። ይሁን እንጂ የጀማሪ ጸሐፊዎችን ረቂቅ በማንበብ ለዓመታት እንደቆየ ሰው፣ ይህ ምክር ስንት ጥሩ ብዕር እንደሚያነጥፍ ስለማይ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ክረምት ስል ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች ብርዱ የሚበረታበትንና የቀኑ ብርሃን በእጅጉ የሚያጥርበትን ወቅት ማለቴ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከብርሃኑ መነሳት ያስፈልጋል። በምድር ወገብ አካባቢ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባሉ ምንም ያህል አይቀራቸውም። ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋን ቁጥር ግን ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ በስቶክሆልም በዲሴምበር አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትቆየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሰሜን ኖርዌይ በምትገኘው በትሮምሶ ደግሞ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ ጭራሽ ብቅ አትልም። በእነዚህ ወራት ብዙ ሰው በጨለማ ሥራ ይገባል፣ በጨለማም ይወጣል፤ በመካከሉ ያለችውን ጥቂት ብርሃን የሚያሳልፋት ጣሪያ ሥር ነው። የቤትና የቢሮ መብራት ለዓይናችን ደማቅ ቢመስልም የብርሃን መለኪያ በሆነው በሉክስ ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 አያልፍም፤ ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ በእኩለ ቀን ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይልቃል፣ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ከ50,000 በላይ ይደርሳል። ዓይናችን ከብርሃኑ መጠን ጋር ራሱን ቶሎ ስለሚያስማማ ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑ አይታወቀንም፤ የቀረው ሰውነታችን ግን ይቆጥረዋል።

እንዴት እንደሚቆጥረውም ዛሬ ብዙ ተብራርቷል። በዓይናችን ሬቲና ውስጥ፣ ዋና ሥራቸው ምስል ማየት ሳይሆን የብርሃኑን መጠን መመዘን የሆነ ጥቂት ሕዋሳት አሉ፤ ሜላኖፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር የያዙት እነዚህ ሕዋሳት ራሳቸው ብርሃን እንደሚሰማቸው የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። መልእክታቸውን የሚልኩት ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ወደሚገኘው የሰውነታችን ሰዓት ሲሆን፣ ሌሊት መሆኑን ለአካላችን የሚያበስረው ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን መቼ እንደሚመነጭና መቼ እንደሚቆም የሚታዘዘው ከዚያ ነው። በቂ የጠዋት ብርሃን ያላገኘ ሰው ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚጎተትበት፣ ከአልጋው ወርዶ ልብሱን ለብሶ ቢቀመጥም አካሉ ገና ሌሊቱን አልጨረሰም። የደራሲ የመጀመሪያ ሰዓት፣ ማለትም ሐሳቡ ገና በዕለቱ ጉዳይ ሳይወረር የሚጽፍበት ጊዜ፣ በክረምት ቀድሞ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የክረምት ድብርት ሲበረታ የሚሆነውን ሕመም በሙያዊ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርዝረው ያቀረቡት ዶክተር ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ጥናታቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዶክተር ሮዘንታል ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሄዱ ሐኪም ናቸው፤ በሰሜኑ ክረምት የሚመጣውን መፍዘዝ በቅድሚያ ያስተዋሉት በራሳቸው ላይ ነበር። የገለጹት ዓይነት ሕመም ከሌላው ድባቴ፣ ማለትም ሐኪሞች ዲፕሬሽን ከሚሉት የመንፈስ ሕመም፣ ለየት የሚልባቸው ነገሮች አሉት። እንቅልፍ ከመንሳት ይልቅ ያበዛል፤ የምግብ ፍላጎትን ከመዝጋት ይልቅ ጣፋጭና ዳቦ ነክ ነገሮችን ያስመኛል፤ ሰው ያሸሻል፣ እጅ እግርን ያከብዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወቅቱን ጠብቆ መጥቶ ወቅቱን ጠብቆ ይሄዳል። ዛሬ ባለሙያዎች ራሱን የቻለ የተለየ በሽታ ከማለት ይልቅ፣ ወቅትን ተከትሎ የሚመላለስ የድባቴ ዓይነት አድርገው ይመዘግቡታል፤ ምን ያህል ሰው ላይ እንደሚደርስም ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ከዚህ ዝቅ ብሎ፣ ሕመም ሊባል የማይችል ነገር ግን ሥራን የሚያጓትት የክረምት ድብርት ደግሞ አለ፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህኛውን ነው።

ወደ ጽሕፈቱ ልምጣ። ድብርት ደራሲውን የሚጎዳው ጉልበት በማሳጣት ብቻ ነው፣ እንደምንም ጉልበት ካገኘ ግን ሐዘኑ ራሱ ግሩም ጽሑፍ ይሆናል የሚል እምነት አለ። በረቂቆች ላይ የማየው ከዚህ የተለየ ነው። ቅዝቃዜው ከመግባቱ በፊት አንዲት ወጣት ያነበበችልን ማስታወሻ አውቶቡስ ውስጥ ስለተቀመጡ አንድ አዛውንት ይናገር ነበር፦ የግራ እጃቸውን ጓንት በጥርሳቸው ስበው ያወልቃሉ፣ ሳንቲሞቻቸውን መዳፋቸው ላይ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፣ አንዷ ሳንቲም ስትወድቅባቸው ጎንበስ ማለቱ ስለከበዳቸው በጫማቸው ጫፍ ሸፍነዋት የሚወርዱበት እስኪደርስ ድረስ ሰው እንዳያይባቸው ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። ይህችው ልጅ ክረምቱ በገፋ ጊዜ ያመጣችው ገጽ ደግሞ «ሰዎች ሁሉ ደክሟቸዋል፤ ከተማው ቀዝቃዛ ነው፤ ምንም ነገር ትርጉም የለውም» ይላል። ሁለተኛው ገጽ ከመጀመሪያው ያነሰ እውነት የለበትም፤ ሐዘኑም የበለጠ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በውስጡ አዛውንቱ የሉም፣ ጓንቱ የለም፣ በጫማ ሥር የተደበቀችው ሳንቲም የለችም። አንባቢ ስለ ድካምና ስለ ብቸኝነት አንዳች ነገር የሚሰማው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ማርክ ዊሊያምስና ኪት ብሮድቤንት እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ በከባድ የመንፈስ ስብራት ውስጥ ያለፉ ሰዎች አንድ ቃል ተነግሯቸው ያንን ቃል የሚመለከት አንድ የተወሰነ የሕይወታቸውን አጋጣሚ እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ ጥቅል መልስ ወደመስጠት እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። «ደስታ» ሲባል ሌላው ሰው «እህቴ ከሆስፒታል የወጣች ዕለት» ብሎ አንድ ቀን ሲጠራ፣ እነርሱ «ከሰው ጋር ስሆን» የሚል ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችም ይህ ጥቅል አስታዋሽነት ከድባቴ ጋር አብሮ የሚታይ መሆኑን አረጋግጠዋል። እንግዲህ ለሒሳብ ሠራተኛ ወይም ለሾፌር ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚጎዳ አላውቅም፤ ለደራሲ ግን መተዳደሪያውን እንደመቀማት ነው። ልብ ወለድም ሆነ ግጥም የሚሠራው ከአንዲት የተለየች ቀን፣ ከአንድ ሰው የእጅ አያያዝ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከነበረ ሽታ ነው። ድብርቱ የሚነጥቀን እነዚህን ሆኖ ሳለ፣ ያው ድብርት ደግሞ ጥልቅ ሆነን የምናስብ እንዲመስለን ያደርጋል፤ ጥቅል ሐሳብ ከሩቅ ሲያዩት ፍልስፍና ይመስላልና። ወጣት ጸሐፊዎች በክረምት የጻፉትን ገጽ የዓመቱ ምርጥ ሥራቸው አድርገው የሚያመጡትም በዚህ የተነሳ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የተገላቢጦሹ ይደርሳል፤ ይኸኛው የበለጠ ያሳስበኛል። በዚህ ወቅት ብዙ ሰው የራሱን ሥራ የሚመዝንበት ሚዛን ይዛባል። ከጥቂት ወራት በፊት ደስ ብሎት የጻፈውን ምዕራፍ ሲያነበው አንዲት የምትተርፍ ዓረፍተ ነገር አያገኝበትም፤ የጠፋው የምዕራፉ ጣዕም ሳይሆን የራሱ የመቅመስ አቅም መሆኑን የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ ወረቀቱን ቀድዶ ይጥላል፣ ፋይሉን ያጠፋል። ሩሲያዊው ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1852፣ በሞስኮ ክረምት፣ ለዓመታት የደከመበትን የታላቁ ልብ ወለዱን ሁለተኛ ክፍል ረቂቅ በሌሊት ምድጃ ውስጥ ከትቶ አቃጥሎታል፤ ከዚያ በኋላ ምግብ እምቢ እንዳለ በቀናት ውስጥ አረፈ። የጎጎል ጭንቀት ከወቅቱ የመጣ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ጾሙም፣ ሃይማኖታዊ ፍርሃቱም፣ የቆየ ሕመሙም ነበሩበት። ሆኖም በዚያ ዓይነት መንፈስ ውስጥ ያለ ሰው በገዛ ሥራው ላይ ዳኛ ሆኖ እንዲቀመጥ መፍቀድ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ረቂቅ ለሚያሳዩኝ ሁሉ የምነግራቸው አንድ ጥብቅ ደንብ አለኝ፤ በአጭር ቀን ወራት ምንም ነገር አይጣል። ጽሑፉ መጥፎ መስሎ ከታያችሁ ቀኑን ጻፉበትና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፤ ፍርዱ ብርሃን ሲመለስ ይሰጥ። ጽሑፉ በእርግጥም መጥፎ ከሆነ ያኔም መጥፎ ሆኖ ይጠብቃችኋልና የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የጽሑፉ ጸሐፊ ያነሱት ጠንካራ መከራከሪያ፣ በጨለማው ወቅት ድንቅ ሥራ የሠሩ ደራሲያን መኖራቸው ነው፤ ይህን ማስተባበል አይቻልም፣ ማስተባበልም አልፈልግም። እንዲያውም ምስክር ልጨምርላቸው እችላለሁ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን፣ የእህቱ ልጅ ኤድዋርድ ፊሊፕስ እንደጻፈው፣ ቅኔው እንደልቡ የሚፈስለት ከመስከረሙ የቀንና የሌሊት እኩሌታ እስከ መጋቢቱ እኩሌታ ባሉት ወራት ብቻ ነበር፤ በበጋ የሚሞክረው ነገር አያረካውም ነበር። ሩሲያዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪንም ቢሆን ጸደይን የማይወድ፣ ቅጠል ሲረግፍና ብርድ ሲጠጋ ግን ብዕሩ የሚነቃቃ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1830 በኮሌራ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶበት በቦልዲኖ ርስቱ ለሦስት ወር ያህል በተቀመጠ ጊዜ የሠራው ሥራ ብዛት እስከ ዛሬ ያስደንቃል።

ነገር ግን እነዚህን ምስክሮች ቀረብ ብለን ስንመረምራቸው የሚመሰክሩት ለሌላ ነገር ነው። ፑሽኪን በዚያ መከር ስለ እጮኛው ቢጨነቅም፣ ከሞስኮ መራቁ ቢያናድደውም፣ ሰውነቱ ጤነኛ፣ እንቅልፉና ምግቡ የተስተካከለ፣ ሐሳቡም የተሳለ ነበር። ሚልተን ደግሞ በታላቁ ሥራው ዘመን ዓይነ ስውር ስለነበር በሌሊት ያሰናዳቸውን መስመሮች ጠዋት ለሚጽፍለት ሰው ያስጽፍ ነበር፤ ክረምቱ ለእርሱ የማይናጋ የሥራ ልማድ ያለበት ወቅት ነበር። ሁለቱም የተጠቀሙት በወቅቱ ጸጥታ እንጂ በድብርቱ አይደለም። ጎብኚ የማይበዛበት፣ ከቤት የማያስወጣ፣ ረጅም ምሽት ያለው ወቅት ለሥራ ይመቻል፤ ይህን ጸጥታ እኔም እወደዋለሁ። ከውጭ ያለው ጨለማና ከውስጥ የሚወርደው ጨለማ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ያመሰገነ ሁሉ ሁለተኛውን እንዳመሰገነ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም።

እንግሊዛዊው ሐያሲ ሳሙኤል ጆንሰን የሚልተንን ታሪክ ሲጽፍ፣ የሰው አእምሮ የወቅት ባሪያ ነው የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ ነቅፏል፤ ሰው ቆርጦ ከተቀመጠ በማንኛውም ጊዜ ሊጽፍ ይችላል ይል ነበር። ጆንሰን ራሱ ዕድሜውን ሙሉ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት የተሠቃየ ሰው ስለነበር ቃሉን በቀላሉ ማጣጣል አይቻልም። ግን ይህኛውም ጫፍ ያሰጋኛል። ቆርጦ መቀመጥ የሚረዳው መቀመጥ ለሚችል ሰው ነው፤ ሲነጋ ከአልጋው ለመውረድ አንድ ሰዓት የሚታገለውን ሰው ሰነፍ ነህ ማለት በሕመሙ ላይ እፍረት መጨመር ነው። በእኛም ዘንድ ይህ አነጋገር የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ብሂል የምንጠቅሰው ለሆድና ለራስ ምታት ብቻ ነው፤ የመንፈስ ሕመም ሲሆን ግን ደብቀው የሚችሉትን እናመሰግናለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ በቅድሚያ የሚመጣው ብርሃን ነው። በምርምር የተፈተነው የብርሃን ሕክምና 10,000 ሉክስ የሚሰጥ መሣሪያ ፊት፣ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ለ30 ደቂቃ ያህል መቀመጥ ነው። መሣሪያውን አፍጥጦ ማየት አያስፈልግም፤ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ዓይን ላይ ማረፉ ይበቃል፣ በዚያ መካከል ማንበብም መጻፍም ይቻላል። ብዙዎች በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያያሉ። መሣሪያው ለዓይን የማይበጀውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራ መሆን አለበት፤ የዓይን ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ብርሃኑ ከልክ ያለፈ መነቃቃት ሊያስነሳበት የሚችል፣ ባይፖላር በሚባለው መንፈስን ከድባቴ ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት በሚያመላልስ ሕመም የሚታከም ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ማታ ላይ መጠቀምም እንቅልፍ ያዛባል። መሣሪያው ለሌለው ሰው፣ ሰማዩ ቢዳምንም በጠዋቱ ከቤት ወጥቶ መራመድ የሚሰጠው ብርሃን በመስኮት ከሚገባው እጅግ ይበልጣል። ብዙ ደራሲያን ሌሊት መጻፍን የክብር ምልክት አድርገው ያዩታል፤ በበጋ ያድርጉት። በክረምት ግን እስከ ንጋት ነቅቶ እስከ ቀትር መተኛት ማለት ያለችውን ጥቂት ብርሃን በመጋረጃ ዘግቶ ማሳለፍ ነው።

ብርሃን ሁሉንም አይፈታም። በአሜሪካ በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ኬሊ ሮሃን የመሩት ጥናት የብርሃን ሕክምናን ለወቅታዊ ድባቴ ከተዘጋጀ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ጋር አወዳድሮ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ሁለቱ የተመጣጠነ ውጤት አሳይተዋል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ግን ሕመሙ ተመልሶ የተነሳባቸው በአስተሳሰብና በባህርይ ሕክምናው ካለፉት ውስጥ 27 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ በብርሃን ከታከሙት ውስጥ ግን 46 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ይህ ሕክምና ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ፣ ፍላጎት እስኪመጣ ድረስ መጠበቅን ትቶ አነስ ያለ ሥራ አስቀድሞ መጀመር ነው፤ ፍላጎቱ ብዙ ጊዜ ሥራውን ተከትሎ ይመጣል። ሌላው ደግሞ «ክረምት ሲመጣ እኔ አበቃልኝ» የሚለውን ራስን የማስፈራራት ልማድ መመርመር ነው።

ይህን ወደ ጽሕፈት ስንመልሰው በጣም ተጨባጭ ይሆናል። ድብርቱ የሚወስደው ዝርዝሩን ከሆነ፣ በክረምት የሚሠራው ሥራ ዝርዝሩን የሚመልስ መሆን አለበት። አንድ ነገር መርጦ፣ ለምሳሌ የወንበር እግር ወይም የሚሄድ ሰው ትከሻ፣ «ያሳዝናል» ወይም «ያምራል» የሚሉ ቃላት ሳይጠቀሙ በአሥር መስመር መግለጽ ለደከመ አእምሮ የሚቻል ሥራ ነው። ከሰው ጋር የተደረገን አጭር ንግግር እንደተነገረ መገልበጥም እንዲሁ። የዓረፍተ ነገርን አሰካክ ማረም፣ የተደጋገመ ቃል ማውጣት፣ የገጸ ባሕርያቱን ዕድሜና የቤቱን አቀማመጥ ከምዕራፍ ምዕራፍ ማስተያየት፣ እነዚህ ሁሉ ምዕራፉ ይኑር ወይስ ይጣል ብሎ መፍረድ የማያስፈልጋቸው የእጅ ሥራዎች ናቸው። ረጅሙን ልብ ወለድ ከመነሻው ማቀድ ግን ለሌላ ወቅት ቢቆይ ይሻላል። ጓደኞቼ ከሆኑ ጸሐፊዎች አንዱ በበጋ ወራት ሆን ብሎ ሳይጨርስ የሚተዋቸው ገጾች አሉት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አንድ መስመር ከሥር ጽፎ ያስቀምጣቸዋል። በክረምት ባዶ ወረቀት ፊት አይቀመጥም፤ ከእነዚህ አንዱን አውጥቶ የተጻፈውን መስመር ይከተላል። ከሰማኋቸው ብልሃቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

ሐዘንን ስለመጻፍም አንድ ነገር ልበል፤ ስለ ድብርቱ ራሱ አትጻፉ እያልኩ አይደለምና። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ ለ15 ደቂቃ የደረሰባቸውን ክፉ ነገር እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ወዲያው ከጻፉ በኋላ የባሰ ቢከፋቸውም፣ በተከታዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ አንሶ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጽሕፈቱ መነሻና መድረሻ የነበረው መሆኑ ነው። በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ሲብሰለሰሉ ማደርና አንድን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስቦ መጻፍ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ድባቴን እንደሚያራዝም ሱዛን ኖለን ሆክሴማ በተከታታይ ጥናቶቻቸው አሳይተዋል። አንድ ጸሐፊ ለሳምንታት በየሌሊቱ ያንኑ ገጽ በሌላ ቃል እየደጋገመ ከጻፈ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ለጥቂት ቀናት ዘግቶ ከሰው ጋር ቢቀመጥ ይሻለዋል።

እስካሁን የተናገርኩት ሥራ ስለሚያጓትተው ድብርት ነው። ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ሰውን ከሥራው፣ ከምግቡና ከወዳጆቹ ከለየው፣ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳያሳልፉ ለቅርብ ሰው መንገርና ሕክምና ወደሚገኝበት መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ደራሲያንን ከሐኪም የሚያስቀራቸው አንድ ፍርሃት አለ፤ መድኃኒቱ ሕመሜን ሲወስድ ተሰጥኦዬንም አብሮ ይወስድብኛል ይላሉ። ዴንማርካዊው ሐኪም ሞጌንስ ሹ ከዚህ በከበደ ሕመም ሊትየም የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ 24 የጥበብ ሰዎችን ስለ ሥራቸው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ 12ቱ ሥራቸው እንደጨመረ፣ ስድስቱ ለውጥ እንዳላዩ፣ ስድስቱ ደግሞ እንደቀነሰባቸው ተናግረዋል። ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ሕመማቸውም ሌላ ነው፤ ስድስቱ ያጡትን ነገር ማቃለልም አይገባም። ቢሆንም መታከም ማለት ብዕርን መስቀል ነው ብሎ አስቀድሞ ለወሰነ ሰው፣ ግማሾቹ የበለጠ እንደሠሩ ማወቅ የሐኪሙን በር ለማንኳኳት ሊያበረታው ይችላል። የሚሰማውን መደንዘዝም ለሐኪሙ በግልጽ ቢናገር መጠኑን ወይም መድኃኒቱን መለወጥ የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቀኑ ማጠር ከመጀመሩ በፊት የጤና ዓምዳችሁና የሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ በጋራ አንድ ገጽ አዘጋጅተው፣ በዚህ ሕመም ላይ የሚሠራ ሐኪምና በዚህ ወቅት መጻፍን ያወቀ ደራሲ ጎን ለጎን እንዲጽፉበት ብታደርጉ እወዳለሁ፤ ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚመጣ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛው፣ ስለ ደራሲያን ሥቃይ የሚተርክ ጽሑፍ ስታወጡ፣ ሰውየው በሥቃዩ ዘመን ስንት ገጽ እንደጻፈና ስንት ዓመት ሳይጽፍ እንደቀረ ጭምር ጸሐፊዎቻችሁ እንዲያጣሩ ብትጠይቁልን ነው። የተጻፈው ብቻ ስለሚታተም፣ በዝምታ ያለፉት ክረምቶች በታሪኩ ውስጥ አይታዩም፤ ወጣቱ አንባቢም ከሥቃይ መጽሐፍ ብቻ የሚወለድ ይመስለዋል። ያን ጽሑፍ ያቀረቡት ጸሐፊ በተናገርኩት ላይ መልስ ቢኖራቸው በዚሁ ዓምድ ላይ በጉጉት አነባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ